ምን ይረባሃል?

ፀጉሩ የሸበተ ሰው አዲስ ነገር ልማር ብሎ ሲነሳ በአገራችን የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ይረባሃል?» የሚል። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ጠያቂዎቹ ወዳጅ ዘመድ ናቸው፤ ጊዜህ እንዳይባክን፣ ሰው እንዳይስቅብህ አስበውልህ ነው። ሹፍርና ልማር ያለውን ግን እንዲህ ብለው አይጠይቁትም። ኮምፒዩተር ልማር ያለውንም አይጠይቁትም። መንጃ ፈቃድ ይረባል፤ ኮምፒዩተርም ይረባል። እኔ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ክራር መማር ስጀምር ግን ጥያቄው ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከእናቴ ደጅ እስከ ባጃጅ ውስጥ ድረስ ተከተለኝ። እዚህ ላይ ላነሳው የፈለግሁትም ከክራሩ ይልቅ የጥያቄውን ነገር ነው። ሰው በደንብ እንደማይችለው እያወቀ፣ እንጀራ የማያበላውን፣ ማንም ያላዘዘውን ነገር ጊዜውን ሰጥቶ መማሩ ተገቢ ነው ወይ?

አሜሪካ የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ «ኡኩሌሌ ጀመርኩ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ኡኩሌሌ ጊታርን የምትመስል፣ በክንድና በደረት መሃል የምትያዝ፣ አራት የናይለን ክር ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት። የሃዋይ ሰዎች የራሳችን ናት ይሏታል፤ ዘሯ ግን ከፖርቱጋል ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ከማዴይራ ደሴት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ በመርከብ የሄዱ ሰዎች ይዘዋት የገቡት መሣሪያ ናት እዚያ መልኳን ለውጣ፣ ንጉሣቸው ካላካዋ ወድደዋት፣ ያገር ምልክት እስከመሆን የደረሰችው። ስሟን ብዙዎች «ዘላይ ቁንጫ» ብለው ይፈቱታል። ተማሪዬ እንደሚለው በሚኖርበት ከተማ ጡረታ የወጣ ሁሉ እሷን ይዞ ይጀምራል፤ ርካሽ ናት፣ ጣት አታቆስልም፣ በሁለት ሳምንት ዘፈን የሚመስል ነገር ይወጣታል። ደብዳቤውን የጨረሰው «ለምን ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም» በሚል ነበር። ቀናሁበት። ኋላ ሳስበው ግን፣ እሱ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄው እዚያ አገር ስለሌለ ሳይሆን የሚጠይቅ ጎረቤት ስለሌለው ይመስለኛል።

ለማንኛውም ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሲላጥ ውስጡ ሌሎች ጥያቄዎች አሉት። ቀላሉ «ካረጁ አይበጁ» የሚለው ነው። ለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ እውነት ነው። ክራር ሁለት ቋሚና አንድ ቀንበር፣ አምስት ወይም ስድስት ክር፣ በቆዳ የተለበጠ ሆድ ያለው መሣሪያ ነው። ሲያዩት ከኡኩሌሌም የቀለለ ይመስላል። ክሩን እየጫኑ ድምፅ የሚለዋውጡበት አንገት የለውም፤ ክሩ እንደተቃኘ ነው የሚጮኸው። አምስት ድምፅ፣ አምስት ጣት፤ ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ የሚመጣው ግርፍ ላይ ነው። በድርድር ጊዜ ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት መነካካት ነው። በግርፍ ጊዜ ግን ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ባንድ ላይ ይመታል፤ ግራ እጅ ደግሞ ከጀርባ ሆኖ የማይፈለጉትን አፍኖ ይይዛል። የሚሰማው ጣት የተነሳለት ክር ብቻ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዕድሜ ልኬን ብዕር ስይዝ፣ ጠመኔ ስይዝ፣ የምፈልገው እንዲወጣ ጣቴን ስጫን ኖሬ፣ አሁን የምትፈልገው እንዲሰማ ጣትህን አንሳ እባላለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን በሳምንት ይይዘዋል። እኔ ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ዛሬም የቀለበት ጣቴ ያለ ማርያም ጣቴ ፈቃድ ንቅንቅ አትልም። ቅኝት መለወጥ ሲመጣ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር የቃኙትን አፍርሶ፣ ያንዱን ክር አጥብቆ የሌላውን አላልቶ እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ አይበጁ ከሚሉኝ ጋር ሙግት የለኝም። የምጠይቃቸው «ካልበጀሁስ?» ብዬ ነው። ሠርግ ላይ እስክስታ የሚወርደው ሁሉ የቴአትር ቤት ተወዛዋዥ ነው እንዴ? ዳዊት የሚደግመውስ ሁሉ ድምፀ መረዋ ነው? እስከማውቀው ድረስ ባለሙያ ካልሆንክ አትሞክር የሚል ደንብ አያቶቻችን አልነበራቸውም።

እናቴ የጠየቀችኝ ግን እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። «አንተን ያስተማርኩህ አዝማሪ እንድትሆን ነው?» አለችኝ። እናቴ አዝማሪ አትጠላም። ድግስ ላይ አዝማሪ ሲመጣ ትሸልማለች፣ ትስቃለች፣ የወደደችውን ግጥም ሳምንት ሙሉ ስትደጋግመው ትሰማታላችሁ። የማትፈልገው አዝማሪው ከቤቷ እንዲወጣ ነው። ጨዋ ያዳምጣል፣ አዝማሪ ይጫወታል፤ ጨዋ ይሸልማል፣ አዝማሪ ያወድሳል። በገና ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ በገና የዳዊት ነው፣ መኳንንቱም ደርድረውታል። ክራር ግን የዘፋኝ ነው።

ይህን የእናቴን ሐሳብ በመጽሐፍ አደላድሎ ያስቀመጠ አንድ ሰው አለ፤ አርስቶትል። «ፖለቲካ» በሚለው ሥራው የመጨረሻ ክፍል ላይ ነጻ ሰው በልጅነቱ ሙዚቃ ይማር ይላል፤ ነገር ግን እስከ ባለሙያነት አይዝለቅበት፤ ሲያድግ መጫወቱን ለሌላው ትቶ፣ በልጅነቱ በገራው ጆሮ ጥሩውን ከመጥፎው ይለይ። ዜውስ ራሱ በባለቅኔዎቹ ዘንድ ሲዘፍንና ክራር ሲመታ አይታይም ብሎ ነገሩን እስከ አማልክቱ ያደርሰዋል። (ቡሬ ገበያ በርበሬ የምትሰፍር እናቴና አርስቶትል በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ልብ መሆናቸውን ስነግራት «እሱ ማነው?» አለችኝ። የግሪክ ሊቅ ነው አልኳት። «ይኸው፣ ሊቅ እንኳ ነግሮሃል» አለች።)

አርስቶትል ስለ ዳኝነቱ ያለውን እቀበላለሁ፤ ያልነካ ጆሮ በደንብ አይፈርድም። ሃያ ምናምን ዓመት ሥነ ግጥም አስተምሬአለሁ። ስለ ትዝታ ግጥሞች በክፍል የተናገርኩትን ዛሬም እደግመዋለሁ። ነገር ግን ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ ግማሽ ግማሽ ዝቅ ሲሉ፣ ሙዚቀኞች ሜጀር የሚሉት ትዝታ ማይነር የሚሉት ሲሆን፣ ያው ግጥም ከናፍቆት ወደ እንጉርጉሮ እንዴት እንደሚዞር በቃል ማስረዳት አንድ ነው፤ መቃኛውን በገዛ እጅ እያዞሩ ክሩ ሲዞር መስማት ደግሞ ሌላ ነው። የማልቀበለው ሲያድግ ይተወው የሚለውን ነው። ይህ ክፍፍል ለአድማጩ ክብር ሲሰጠው ለተጫዋቹ ምን እንደሚያተርፍለት አይተናል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፈችውን አስናቀች ወርቁን ዛሬ ሁላችንም የክራር ንግሥት እንላታለን፤ እሷ መድረክ ላይ በወጣችበት ዘመን ክራር የያዘች ሴት በምን ዓይን ትታይ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው አይጠፋውም። ጆሯችን ንግሥት ሲላት አፋችን ሌላ ይላት ነበር። ጨዋው እቤቱ ቁጭ ብሎ ክር ቢቃኝ ኖሮ፣ ቢያንስ ያ ነገር ሥራ መሆኑን፣ ላብ የሚያስወጣ ሥራ መሆኑን ጣቱ ይነግረው ነበር።

እረኛውስ የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በኛ አገር ዳገት ሁሉ ልጅ ሸምበቆ ቆርጦ፣ በጋለ ብረት ቀዳዳ በስቶ፣ ያለ መምህር ዋሽንት ይነፋል፤ ማንም ምን ይረባሃል አይለውም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከከብት ኋላ ተነስቼ ትምህርት ቤት ገባሁ። አብሮኝ ይጠብቅ የነበረው ልጅ ዋሽንቱን ቻለ፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። የእረኛውን ዋሽንት በየመድረኩ የምናደንቅ የተማርን ሰዎች ልጃችንን ለእረኝነት ስንልክ አልታየንም። ስለዚህ ስለ ገጠር ሙዚቃ ንጽሕና ብዙ ባልናገር ይሻለኛል።

«ምን ይረባሃል?» ለአባቴም ተብሏል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲታወጅ መጀመሪያ የጀመረው ከከተማ ነው። ወደኛ ቀበሌ ሲደርስ አባቴ ከሃምሳ አልፎ ነበር። ብዙዎቹ የሄዱት ቀበሌው ስለሚያስገድድ ነው፤ እሱም እንደዚያው። አስተማሪው ጢሙ ያላቀና ልጅ ነበር። ሞፈር የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው፤ እንደ ማረሻ ተጭኖት በቀን ሦስት ጊዜ ይሰብረዋል። የአባቴ ትምህርት ግን ይረባ ነበር። ስሙን መጻፍ ቻለ፤ የግብር ደረሰኝ ላይ በጣት አሻራ ፋንታ ፈረመ። ይህን ጥቅም ዘመቻውም ይቆጥረዋል፤ ዓለምም ቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ለኢትዮጵያ ሽልማት ሰጥቶበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ አንዳንድ ማታ የቀበሌ ወረቀት አውጥቶ በማኅተሙ ዙሪያ የተጻፈውን፣ ወረቀቱን እንደ መሪ እያሽከረከረ፣ ፊደል በፊደል ያነብና ለብቻው ይስቅ ነበር። ማኅተሙ ምን እንደሚል ያውቀዋል፤ መቶ ጊዜ አንብቦታል። ያ ሳቅ ከፊርማው ጋር አብሮ የሚቆጠር አይደለም፤ የትኛውም ሪፖርት ውስጥም አልገባም። ስለ ክራሬ ስጠየቅ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

አሁን ስለ መምህሬ ልናገር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሞባይል የሚጠግን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። በሰላሙ ጊዜ፣ በርበሬው ተሸጦ ጥር ሲገባ፣ ከሠርግ ሠርግ እየዞረ ይጫወት ነበር። የትምህርታችን ትልቁ እንቅፋት የኔ ጣት አይደለም፤ የሱ ትሕትና ነው። «ጋሼ፣ ከተቻለዎ… ያቺን ጣትዎን… ትንሽ ቢያነሷት» ብሎ እስኪጨርስ ምቱ አልፏል። ሽማግሌ አይታረምም ተብሎ ያደገ ልጅ ነዋ! እኔ ደግሞ «አንተ» እለዋለሁ። ቅኔ ቤት ቢሆን ይህ ነውር ነው፤ እዚያ መምህሩ ምንም ወጣት ቢሆን የኔታ ነው፣ ተማሪው ምንም ጎልማሳ ቢሆን ደቀ መዝሙር ነው፤ ዕድሜ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ይቀራል። የዘመኑ ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩን የሚፈታው ተማሪዎቹን ሁሉ ልጆች በማድረግ ነው። እኔና መምህሬ ለሁለቱም አልሆንን አልን። አንድ ቀን «እዚህ ቤት ውስጥ አንተ በለኝ፣ እኔ አንቱ ልበልህ» አልኩት። እሺ አለ። ምቱ ሲበላሽ «አንሳው!» ብሎ ጮኸብኝና ወዲያው «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ክራሩን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አንድ መላ አገኘ፤ እኔን ትቶ ጣቶቼን ያናግራል። «ይቺ ሰነፍ ናት፤ ይቺ ደግሞ ምን ሰምታ ነው የምትዘለው?» ይላል። ጣቶቼ «አንቺ» ናቸው፤ እኔ «እርስዎ» እንደሆንኩ ነው። በዚህ ሁላችንም ተስማማን።

ለዚህ ነገር ጥንታዊ ምስክር አለኝ። ሶቅራጥስ በስተርጅናው ክራር መሰሉን የግሪክ መሣሪያ ይማር ነበር። ፕላቶ «ኤውቲዴሞስ» በሚለው ምልልስ ውስጥ እንደሚያስነግረው፣ አብረውት የሚማሩት ልጆች ሶቅራጥስን ይስቁበታል፤ መምህሩን ኮኖስንም «የሽማግሌዎች አስተማሪ» እያሉ ያፌዙበታል። ሶቅራጥስ ሌሎች ሽማግሌዎችንም አግባብቶ ይዞ እንደሄደ ይናገራል፤ መሳቁ ለብቻ እንዳይሆን ይመስለኛል። ታሪኩን ድሮ ሳነብ የሶቅራጥስ ትዕግሥት ነበር የሚደንቀኝ። አሁን የሚያሳስበኝ ኮኖስ ነው። ሽማግሌው ቢሳቅበትም ሶቅራጥስነቱ የትም አይሄድም፤ ስሙ የጠፋው እንጀራው ልጆቹን ማስተማር የሆነው ሰው ነው። የኔም መምህር ሱቁ በር ላይ «ጋሼን ዘፋኝ ልታደርጋቸው ነው?» የሚሉት አይጠፉም። ሥራ በቀዘቀዘበት በዚህ ጊዜ የምከፍለው ብር ይረዳዋል ብሎ ራስን ማጽናናት ይቻላል። አልወደውም። ባለገንዘብ ሁሉ ያማረውን ባደረገ ቁጥር «ለድኻ እንጀራ ሆነ» የሚላት ነገር አለችው፤ ያቺን መዋስ አልፈልግም።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን በቃል የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ግን ዓይኑ ውስጥ አለ። በዚህ ጊዜ? ፍኖተ ሰላም ዱሮ ወጀት ነበረች፤ የዛሬውን ስሟን ያወጡላት ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ነው ይባላል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚችው የሰላም መንገድ በተባለች ከተማ መሃል በደረሰው ጥቃት የሞቱት፣ የሆስፒታል ሰው ለዜና አውታሮች እንደተናገረው፣ 26 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ጎጃም ያልተቀመጠ ሐዘን የለም። መንገድ ይዘጋል፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ልጆች ትምህርት ባጡበት አገር ሽማግሌ ክራር ይማራል?

የከበደ ሚካኤልን «አዝማሪና ውሃ ሙላት» ያልተማረ የኔ ዕድሜ ሰው የለም። አዝማሪው ወንዝ ሞልቶ ቢያግደው እንዲጎድልለት ማሲንቆውን ይዞ ያወድሰዋል፤ አንድ ሰው መጥቶ ደግሞ ከንቱ ልፋቱን ይነግረዋል፤ የተወደሰው ውሃ አልፎ ሄዷል፣ የመጣው ሌላ ነው፣ አይሰማም። ስናስተምረው ሁልጊዜ ለመንገደኛው እንፈርዳለን፤ ጨካኝን ማወደስ አይበጅም እንላለን። ፍርዱ ትክክል ነው። ግን አዝማሪው ማሲንቆውን ቢያስቀምጠውስ ወንዙ ይጎድል ኖሯል? ጀማሪ ቢያንስ ከወንዙ ምንም አይለምንም፤ ማወደሱንም ገና አልቻለበት።

ቢሆንም ይሉኝታ አለ። ቡሬ ከቤቴ ግድግዳ የሚጋሩ፣ ልጃቸውን ያጡ አሮጊት አሉ። በኛ ወግ ሐዘን ጎረቤት ካለ ሬዲዮ እንኳ ዝቅ ይደረጋል፤ ሠርግ ያለበት ቤት አስቀድሞ ሐዘንተኛውን ሄዶ ያስፈቅዳል። እኔም ሄድኩ። «እማማ፣ ማታ ማታ ክራር ልለማመድ እፈልጋለሁ፤ ሐዘንዎን የደፈርኩ እንዳይመስልብኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ያ የሚንቀጫቀጨው አንተ ነህ እንዴ ልጄ? እኔ ሽቦ የምታቃና መስሎኝ» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «ግድ የለህም፣ ንካው። አንተ እስክትችለው የኔ ሐዘን ይወጣል» አሉኝ።

ይህን ነገር ለብዙ ቀን አሰብኩት። ሐዘን ድምፅን አይከለክልም፤ የራሱ ዜማ፣ የራሱ ሙሾ አውራጅ አለው። የሚከለክለው የደስታን ዜማ ነው። የኔ ግን ገና ዜማ አይደለም፤ ስለዚህ ደስታም ሐዘንም አልሆነም፤ ስለዚህ ተፈቀደ። በደንብ ብችል ኖሮ ያቺን ግድግዳ አልፌ የማስደስት ወይ የማስለቅስ እሆን ነበርና ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። ሰው በዚህ ዘመን ክራር እንዲነካ የሚያስፈቅደው አለመቻሉ ከሆነ፣ እንግዲህ እኔን የሚያህል የተፈቀደለት የለም ማለት ነው። በዚህ ስስቅ ግን አንድ ነገር ይይዘኛል። እማማ የሰጡኝ ፈቃድ የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡም የሳቸው ሐዘን ነው። የሳቸው ግን በአርባውም፣ በሰማንያውም፣ በተዝካሩም የሚወጣ አይመስለኝም። አንድ ማታ የትዝታን የመጀመሪያ ሐረግ ሳልሰብር ስጨርስ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ሰማሁና እጄን ክሮቹ ላይ ጭኜ ዝም አልኩ። ሳሉ የምን እንደነበር አልጠየቅሁም። በማግስቱ ጠዋት ግን ራሳቸው ደጅ ጠብቀው «ምነው አቆምክ?» አሉኝ።

በዐቢይ ጾም ክራሩ ሃምሳ አምስት ቀን ምስማር ላይ ስለሚሰቀል፣ ፋሲካ ሲመጣ ግማሹን ረስቼ እንደገና እጀምራለሁ። መምህሬም ይህን ስለሚያውቅ ከጾሙ በፊት ባቲን ጀምረን እናቆያት ብሏል። የፊታችን ቅዳሜ ቃኝቼ ይዤ መሄድ አለብኝ። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም።